የተደፈነው ባልዲ

ልብስ ሰፊዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ጎረቤቶቿ በሌለችበት «መቀሷ» ይሏታል። በስፌቷ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ምላሷም እንደዚያው ይቆርጣል። በረንዳዋ ላይ በቀለም ባልዲውና በዘይት ጀሪካኑ ውስጥ ያልበቀለ ነገር የለም። ከዚያ ሁሉ ግን አንዲት ቅርንጫፍ ለማንም አትሰጥም፣ በተለይ ከቀይዋ ጽጌረዳ።

ጽጌረዳዋ የታላቅ እህቷ ነበረች። እህቷ ሞታ ቤቱ ለመንገድ ሊፈርስ ሲል፣ ልብስ ሰፊዋ የጨርቅ መቀሷን ይዛ ሄደችና ከደጃፉ ሦስት እንጨት ቆረጠች። ሁለቱ ደረቁ፤ አንዷ ያዘች። ከእህቷ የቀራት እሷ ብቻ ናት፣ ፎቶ እንኳ የላትም። ስለዚህ ሊለምን የመጣውን ሁሉ «እህቴን ቆራርጬ ላድል እንዴ?» እያለች ከበር ትመልሳለች።

ከሥሯ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ አለች። ሁለቱ ዓይንና ናጫ ናቸው። ነርሷ ነጭ አንሶላ ታሰጣለች፤ ከላይ ጭቃ ውኃ ይንጠባጠብበታል። ነርሷ ወደ ላይ አንጋጣ «አንቺ ሴትዮ!» ትላለች። «አንሶላሽን ቤትሽ ውስጥ አስጪ!» ትመልሳለች ልብስ ሰፊዋ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲባባሉ ኖሩ፣ አንዳቸውም አልሰለቻቸውም።

በዘጠነኛው ዓመት ልብስ ሰፊዋ ሳንባዋን ታመመች። መርፌ ታዘዘላት፤ ደረጃ ወርዳ ክሊኒክ መመላለስ ግን አቃታት። ነርሷ ሳትጠራ መጣች። ዐሥር ቀን ሙሉ ፊቷን እንዳጨማደደች ወጋቻት፣ አንድ ቀን እንኳ «እግዜር ይማርሽ» ሳትል። በዐሥረኛው ቀን ጥጡን ጣለችና «ከጽጌረዳሽ አንድ እንጨት ቁረጪልኝ» አለች።

የልብስ ሰፊዋ ቆሽት አረረ። እምቢ እንዳትል ይሉኝታ ያዛት፣ እሺ እንዳትል አንጀቷ አልቆርጥ አለ። ስለዚህ ሰጠችም፣ ከለከለችም። ጫፉ ላይ አበባ የተሸከመ ቀጭን ቅርንጫፍ፣ አልይዝ የሚለውን ዓይነት፣ መርጣ ቆረጠችላት። ድምፅዋን አለስልሳም «ቅጠሉን እንዳትነኪ። ጠራራ ፀሐይ ላይ አድርጊው። ጠዋትና ማታ እስኪጥለቀለቅ አጠጪው። በየሳምንቱ ነቅለሽ ሥር ማውጣቱን እዪ» አለቻት። ለጀማሪ ከዚህ የከፋ ምክር ለመስጠት ተክል በደንብ ማወቅ ይጠይቃል፤ እሷ ደግሞ አሳምራ ታውቃለች።

ወር ሳይሞላ ነርሷ ስለ ጠብታው ለሕንፃው ኮሚቴ ከሰሰቻት። ኮሚቴውም «ወይ ውኃው ይቁም፣ ወይ ባልዲዎቹ ይነሡ» ብሎ ወሰነ። ልብስ ሰፊዋ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ተመለሰች። ትንንሾቹን ወደ ክፍሏ አስገባች። ጽጌረዳዋ ግን ፀሐይ ትፈልጋለች። «ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ በዓይኗ አታይም!» አለችና የባልዲውን የሥር ቀዳዳዎች በጨርቅ ቁርጥራጭ ጠቅጥቃ፣ በላዩ ሻማ አቅልጣ አፈሰሰችበት። ሥራዋ መቼም ጥንቅቅ ያለ ነው፤ ጠብ የሚል ጠፋ።

በሁለተኛው ወር ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። የሌላ ሰው ተክል ቢሆን ገና ከሩቅ አይታ «ውኃ አንቆታል» ትል ነበር። በራሷ ጊዜ ግን ንዴት ዓይኗን ጋረደው፤ ጠምቷት ነው ብላ ጨመረችላት። አንድ ጠዋት ግንዱን ብትነካው ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። ሥሩ ጠቁሯል፣ ይሸታል። ሰባት ቦታ ቆረጠችው፤ ሰባቱም ቦታ ውስጡ ቡናማ ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ሻማውን በጥፍሯ እየፋቀች እንደ ሕፃን አለቀሰች። እህቷን ሁለተኛ ጊዜ አጣቻት፣ ያውም በገዛ እጇ።

በዚያው ሳምንት ነርሷ አንሶላዎቿን ሰበሰበች። ከአንሶላዎቹ ጀርባ በባልዲ ውስጥ ቀይ ጽጌረዳ ቆማ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ከላይ ሆና አበባውን አወቀችው። ደረጃው ዐሥራ ስምንት ብቻ ነው፤ እሱን ለመውረድ ግማሽ ቀን ፈጀባት።

ነርሷ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። ግቢ አላለችም።

«እህቴ…» አለች ልብስ ሰፊዋ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

«እህቴ አትበይኝ። ምን ፈለግሽ?»

«እንጨት። አንዲት እንጨት ብቻ። የኔዋ ሞተችብኝ።»

«አውቃለሁ» አለች ነርሷ። «ቅጠሉን አትንኪ አልሽኝ፤ ከላይ ሁለት ትቼ ሌላውን ገፈፍኩት፣ አበባውንም ቆርጬ ጣልኩ። ፀሐይ አልሽኝ፤ ጥላ ውስጥ አኖርኩት። አጥለቅልቂው አልሽኝ፤ አፈሩን እርጥብ ብቻ አደረግሁት። ነቅለሽ እዪው አልሽኝ፤ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ በጣቴ አልነካሁትም። ስለማውቅሽ ያልሽኝን ሁሉ ገልብጬ ሠራሁ። እንዳንቺ ያለ አስተማሪ ከየት ይገኛል?»

ልብስ ሰፊዋ መሬት መሬት አየች።

«ጠብታው ሲቆም ደግሞ ቀዳዳውን እንደደፈንሽው ገባኝ። ከዚያ ቢጫ ቅጠሉ በረንዳዬ ላይ ይረግፍ ጀመር። እየጠረግሁ ዝም አልኩ። አንቺ ዋሸሽኝ፣ እኔ ዝም አልኩሽ። አሁን እኩል ነን።»

ልብስ ሰፊዋ በጥፊ ብታጮላት ደስ ባላት። ግን ሁለቱም እጆቿ ወደ ፊት ተዘርግተው ይጠብቁ ነበር።

ነርሷ ገብታ ተመለሰች። እርሳስ የሚያህል እንጨት፣ ከአንጓው ሥር በሰያፍ የተቆረጠ፣ በእርጥብ ጥጥ የተጠቀለለ ይዛ መጣች። አቆራረጡ ጥሩ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ ሳትወድ በግዷ አደነቀችው።

«ምክር አልሰጥሽም» አለች ነርሷ። «ብዋሽሽ ታውቂብኛለሽ፣ እውነቱን ብነግርሽ አታምኚኝም።» በሩንም ዘጋችው።

ልብስ ሰፊዋ ባልዲውን ገለበጠች፣ ቀዳዳዎቹን በምስማር ከፈተች፣ አዲስ አፈር ሞላች። እንጨቱን እስከ ግማሹ ቀብራ ዙሪያውን በጣቷ ጠቅ ጠቅ አደረገች። ባልዲውን ወደ ጥላው ገፋችና አንድ ጣሳ ውኃ አጠጣችው። ውኃው ሰርጎ ወረደና ወደ ታች ጠብ አለ።

«አንቺ ሴትዮ! አንሶላዬን!»

የልብስ ሰፊዋ ደም ፈላ። ሌላ ጣሳ ሙሉ ቀድታ ባልዲው ውስጥ ልትደፋው አዘነበለች። ከዚያ እንጨቷን አየቻት። ውኃ ይበዛባታል። ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ስድቡን እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማች።