ጎማው የደረቀ ብዕር

ባለፈው ሳምንት ደሴ ውስጥ አንድ ሰዓት ጠጋኝ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር። ከሞቱት ሰዓቶች መሀል አንድ ጥቁር የቀለም ብዕር ተጋድሞ አየሁና፣ ሳላስበው አንስቼ የጎኑን ማንሻ በጥፍሬ ብድግ አደረግሁት። ከዚያም ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። ሰዓት ጠጋኙ ሳቀ።

"እማማ፣ ሬዲዮ እኮ አይደለም። ደግሞም የሞተ ነው።"

"ብዕሩ አልሞተም፤ የሞተው የሆዱ ጎማ ነው" አልኩት። ከየት እንዳወቅሁ ሲጠይቀኝ ብዕሩን መልሼለት ሄድኩ። ቆሞ የሚወራ ነገር አይደለም።

በስልሳ ስድስት ሚያዝያ መካነ ሰላም ነበርን። የደሴው ትምህርት ቤት በአድማ ሲዘጋ እኔና ወንድሜ ሙላት በእግርም በመኪናም ተንከራተን አገራችን ገባን። በልግ ቀርቷል። መንገዱ ዱቄት ሆኗል፤ ዱቄት ስል አፈሩን ነው፣ የሚጋገረውስ የለም። እኛ ቤት ሳማ ተቀቅሎ ጨው ነስነስ ይደረግበታል። ምላስ ላይ አይለበልብም፣ ግን ሆድም አይሞላም። ከበሽሎ በረሃ የወጣው ሰው ደግሞ ገበያው ዳር ተኝቶ፣ ከፊት ለፊቱ እህል የሞላ መጋዘን ተቆልፎ ይታየዋል። ሙላት ገበያ መሀል ቆሞ "ቁልፉ የማን ነው?" ብሎ ጠየቀ። ሌላ አላደረገም። በማግስቱ ታሰረ።

እስረኞች በጭነት መኪና ወደ ደሴ ሊወሰዱ መሆኑን ስንሰማ እናቴ አልጮኸችም፤ ቁጭ አለች። ደሴ የተወሰደ ተማሪ ምን እንደሚሆን የሚነግረን አልነበረም። የጣቢያው መቶ አለቃ አንድ ቀዳዳ ተወልን፦ መሬትና ማዕረግ ያለው ሰው መኪናው ከመነሳቱ በፊት ዋስ ሆኖ ከፈረመ ልጁ ይለቀቃል። ባለመሬቶቹ ሁሉ በዚያ ሰሞን ታመሙ። አንድ ሰው ብቻ መጡ፤ የሟች አባቴ የክርስትና አባት ግራዝማች እንድሪስ። ስማቸው የእስላም፣ ማተባቸው የክርስቲያን፤ ወሎ ነውና የሚገርመው የለም። ከወግዲ በኩል በበቅሎ ሲጓዙ አድረው፣ አቧራቸውን ሳያራግፉ ጣቢያው ገቡ።

ወረቀቱ ተዘረጋ። ግራዝማች ከካፖርታቸው ኪስ ብዕራቸውን አውጥተው ቀለም ውስጥ ነከሩና ማንሻውን አነሱ፣ መለሱ። ወረቀቱ ላይ ሲጭሩት ደረቅ ነው። መቶ አለቃው የራሱን ብዕር ሰጣቸው። አልተቀበሉም።

"በሰው ብዕር እንዳልፈርም ግዝት አለብኝ" አሉ። በልጅነታቸው በሰው ብዕር ፈርመው የእርሻ መሬት ሄዶባቸው፣ በንስሐ አባታቸው መገዘታቸውን አገሩ ሁሉ ያውቃል።

"ንስሐ አባትዎ ይፍቱዎታ" አለ መቶ አለቃው።

"የገዘቱኝ አባት ሞቱ። ማን ይፍታኝ?"

"ቀለሙስ የመንግሥት ነው፤ በሱ አልተገዘቱም?"

"ግዝቴ በብዕር ነው።"

ውጭ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ሙላት ከላይ እጁ ታስሮ ወደ እኛ ያያል። ብዕሩን ከግራዝማች እጅ ነጠቅሁ ማለት ይቀላል።

"አንቺ ደግሞ መሐንዲስ ነሽ?" አለ መቶ አለቃው።

"አይደለሁም። እርስዎ ነዎት?" አልኩት። ወታደሮቹ አፋቸውን ያዙ።

የመምህራችንን ብዕር አንድ ጊዜ ፈትቼ ተገርፌበታለሁና ሆዱን አውቀዋለሁ። ውስጡ የጎማ ከረጢት አለ፤ ማንሻው ይጨምቀዋል፣ ሲለቀው ቀለም ይስባል። አንገቱ አልላቀቅ ሲለኝ ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ እስኪሞቅ ጠበቅሁ። ስጠመዝዘው ጎማው እንደ ቋንጣ ተፈርፍሮ ወጣ።

ቤታችን ከጣቢያው ቁልቁል ነው። ሮጥኩ። የእናቴ የዓይን ጠብታ መድኃኒት ራሱ ላይ ትንሽ ጎማ አለው፤ ጫፉ የተደፈነ፣ ሲጨምቁት የሚስብ።

"ዓይኔን ነው የምትወስጂው?" አለችኝ።

"ልጅሽን ነው የማመጣው፣ እማ።"

ጎማው የብዕሩ አንገት ላይ ሰፋ። ከአጥራችን ግራር ሙጫ ልጬ፣ በምራቄ አርጥቤ ቀባሁትና እየሮጥኩ ተመለስኩ። ቀለም ስሞላው ከአንገቱ ፈልቆ እስከ ክርኔ ወረደ። መቶ አለቃው ሳቀ፤ እኔ ግን የደብራችን መሪጌታ ትዝ አሉኝ። ቀለም ሲበጠብጡ ሙጫ የሚጨምሩት በውኃ ስለሚሟሟ አይደል? ቤተ ክርስቲያን ግቢ አድጌ ይህንን መርሳቴ። ከነጠላዬ ጥለት ክር መዘዝኩ። ጣቢያው ደጅ ከተሰበሰቡት ሴቶች አንዷ ጧፍ ነበራት፤ ክሩን ሰም አስነክሼ የጎማውን አንገት እስኪያቃስት አሰርኩት። ጎማው የብዕሩ ቀፎ ውስጥ አልገባ ሲል ከጣቢያው ሰሌዳ ሥር የጠረግሁትን የጠመኔ ብናኝ ቀባሁት፤ ተንሸራቶ ገባ።

ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ጫፉን ቀለም ውስጥ ነክሬ ማንሻውን አነሳሁ፣ ለቀቅሁ። ትንሽ፣ ስግብግብ የሆነ የመምጠጥ ድምፅ ሰማሁ።

ብዕሩን ለግራዝማች ስሰጣቸው ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። አላላቸውም። ፊታቸው አመድ መሰለ፤ እኔን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ በሩን አዩ። ያኔ ገባኝ። እኒህ ሰው እስከዚህ የመጡት ከፍቅርም ከይሉኝታም ነው፣ ግን የብዕሩ መድረቅ እፎይ አሰኝቷቸው ነበር። አሁን መሸሸጊያቸውን ነቅዬባቸዋለሁ።

"አባቴ" አልኳቸው ቀስ ብዬ፤ "ይጽፋል።"

"አየሁ፣ ልጄ። አየሁ" አሉ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ፈረሙ። የመጨረሻው ፊደል ከወረቀቱ ጠርዝ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ አለቀ። ሙላት ከመኪናው ሲወርድ አላዩትም፤ በቅሏቸው ላይ ወጥተው ሄደዋል።

ሙላት ዛሬ ሽማግሌ ነው። ይህ ወሬ ሲነሳ "ግራዝማች ጀግና ነበሩ" ይላል። እኔ ደግሞ እጃቸውን አይቻለሁ። ስለፈሩ አላሳንሳቸውም፤ ያልፈራ ሰው ፈርሞልን ቢሆን ኖሮ እስካሁን አላስታውሰውም ነበር።