አሳምነው ያመጣት የወፍ ቆሎ

አሳምነው ከወሎ በሰፈራ ወደ አሶሳ ሲመጣ ጎረምሳ ነበር፤ ዛሬ ስድሳን ሊደፍን ነው። ሰው ባገኘ ቁጥር የሚያነሳው ነገር ግን አንድ ሆኗል፤ የወፍ ቆሎ። ያቺን አበባዋ የሚያምር እሾሃም ቁጥቋጦ ወደ አምባው ያስገባት እሱ ነው። ዘመድ ጥየቃ ወሎ ሄዶ ሲመለስ፣ ፍየል የማይደፍራት አጥር ናት ብሎ፣ ቁራጯን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣት። ጎረቤቱም እየለመነ ወሰደ። ፍሬዋን ደግሞ ወፍ እየለቀመ ከወንዙ ማዶ ቀርከሃው ውስጥ ዘራው።

ከዚያ ቀርከሃ በየክረምቱ ለጋ ቡቃያ የምትለቅመው ነዕማ ናት፤ የአገሬው ተወላጅ፣ የበርታ ሴት። ሰፋሪዎቹ ተርበው ሲመጡ፣ ቡቃያው ተቀቅሎ እንደሚበላ ለአሳምነው ያሳየችው እናቷ ነበረች። ታዲያ አምና ነዕማ ባዶ ዘንቢሏን ይዛ ደጁ ቆመች።

«ወንድሜ፣ እሾህህ ቀርከሃውን በላው። ልጆቼ ቡቃያ ፈልጎ፣ ተቧጭሮ ተመለሰ» አለችው፣ አፍ ባልፈታችበት አማርኛ።

«ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ የማወጣውም እኔ ነኝ» አላት።

ጅጌ ጠራ። ሚስቱ ውድነሽ ጠላ ጠመቀች፤ ሃያ ሰው ገጀራውን ይዞ ወጥቶ ሲቆርጥ ዋለ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ገበሬ መቼም የተቆረጠ እሾህ ጥሎ አይገባም፤ ሁሉም ሸክም ሸክሙን ተሸክሞ በቆሎውን አጠረበት። አሳምነውም ራሱ ሁለት ሸክም ወስዷል። ዝናቡ ሲጥል ጉቶው ማዶ አቆጠቆጠ፤ አጥሩም በየማሳው ሥር ሰደደ።

ከዚያ ወዲህ በየቤቱ እየዞረ «ንቀሉ» ይላል። ጎረቤቱ ታረቀኝ ሳቀበት።

«ጋሼ፣ አጥሬን ልንቀልልዎትና ፍየሉን እርስዎ ይጠብቁልኛል? ትከሉ አሉን፣ ተከልን።»

የግብርና ባለሙያውም መጥቶ በስልኩ ፎቶ አነሳና «በዕቅድ ይያዛል» ብሎ ሄደ።

ዘንድሮ የራሱን አጥር ከሥሩ ነቅሎ አቃጠለ። በሦስተኛው ቀን የታረቀኝ ፍየሎች በቆሎውን ጨረሱት።

«ለነዕማ ቡቃያ፣ ለታረቀኝ ፍየል በቆሎ» አለች ውድነሽ። «ለእኛስ?»

አሳምነው መቆፈሪያውን አንስቶ ወደ ማዶ ተሻገረ። ሳምንት ሙሉ ቆፍሮ ያጸዳው አንድ አውድማ አይሞላም። ነዕማ መጥታ አየችው።

«እንዲህ ከሆነ፣ ማዶው ሁሉ እስኪጸዳ ልጆቼ አይደርስበትም» አለች።

«አውቃለሁ» አላት፣ ከቁፋሮው ቀና ሳይል።