ሳክስፎኑ ይቅደም

«ዘግይታለች ስልሽ! የምለው እኔ አይደለሁም፣ ማሽኑ ነው፤ ነይ ተመልከቺ» አለ ሳሚ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የተደረደሩትን ቀጫጭን መስመሮች በጣቱ እየጠቆመ።

«አልዘገየችም፣ እየጠበቀች ነው» አልኩት ከወንበሬ ሳልነሳ።

ሕይወት ከመስታወቱ ወዲያ፣ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አውርዳ፣ በድምፅዋ የሚጨቃጨቁትን ሁለት ሰዎች ተራ በተራ ታያለች። ኡራኤል አካባቢ ባለችው በዚህች የሳሚ ስቱዲዮ የምትቀዳው የመጀመሪያ ዘፈኗን ነው፤ ግጥሙ የእኔ ነው። ሳሚ ጎበዝ አቀናባሪ ነው፤ እሱ የነካው ዘፈን ይሰማል። አሁን ግን ድምፅዋን በኮምፒውተር ጎትቶ ምቱ ላይ ልክክ ካላደረግሁ ብሏል።

«ማለቴ፣ ሰው ምን ይላል? ምት አታውቅም ነው የሚለው፤ በቃ።»

ምት አታውቁም ስንባል የመጀመሪያችን አልነበረም። ሕይወትና እኔ ያደግነው ካዛንቺስ፣ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ቧንቧ በሚጋሩበት ግቢ ውስጥ ነው፤ ከእኛ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት ደግሞ ጋሽ መርዕድ ነበሩ። በወጣትነታቸው በሰፈሩ የምሽት ክበብ ሶል የሚባለውን የጥቁር አሜሪካኖች ዘፈን የሚዘፍኑ፣ ሸሚዛቸውን እስከ ደረታቸው ከፍተው ሴቱንም ወንዱንም የሚያስለቅሱ ሰው ነበሩ ይባላል፤ እኛ የደረስንባቸው ግን ክበቡ ተዘግቶ፣ ጓደኞቻቸው ከተበተኑ በኋላ፣ አጥሩ ላይ በሚስማር በተንጠለጠለ መስታወት ፊት ጺማቸውን ሲላጩ ነው። የሳሙናቸው ሽታ፣ ዝናብ ካደረበት ቆርቆሮ ላይ የሚነሳው እንፋሎትና ከመስኮታቸው የሚወጣው የቴፕ ሙዚቃ ዛሬም አንድ ላይ ነው የሚመጡብኝ። ቴፑ ላይ ያለው የክበቡ ባንድ ያለ ዘፋኝ ሲለማመድ የተቀዳ ነበር፤ ዘፈኑን የሚሞሉት እሳቸው ናቸው። ግማሽ ፊታቸው አረፋ እንደሆነ ምላጩን አየር ላይ ያቆሙና ሳክስፎኑ መጥቶ ቦታውን እስኪይዝ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ፣ ቧንቧው ጋ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ «ረሱት እንዴ?» ብሎ ሊጨነቅ ሲል፣ ቀስ ብለው ይገባሉ።

እሑድ እሑድ እኛን ልጆቹን በራቸው ላይ አሰልፈው ያዘፍኑናል። ልጅ ነንና እንሽቀዳደማለን።

«ቆይ፣ ቆይ! ማን ነው ያሳደጋችሁ?» ይሉናል ቴፑን አቁመው። «ሳክስፎኑ እንግዳ ነው። እንግዳ በር ላይ ቆሞ ባለቤት ቀድሞ ይገባል? ይግቡ በሉት እንጂ። ትንሽ ይግደረደራል። ይግባ። ይቀመጥ። አሁን እናንተ።»

እናቶቻችን ጎረቤት ቤት በር ላይ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በሞቴ» ሲባባሉ እያየን ያደግን ስለሆንን ትምህርቱ ወዲያው ገባን፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ገባን። ትምህርት ቤት ጠዋት የሰንደቅ ዓላማ መዝሙር ሲዘመር ተማሪው ሁሉ ይጀምርና የግቢያችን ልጆች ድምፅ ከየሰልፉ መሃል ከኋላ ከኋላ እየተጎተተ ይመጣል፤ ሁሉም ጨርሶ ጸጥ ሲል የእኛ የመጨረሻ ቃል ሜዳው ላይ ብቻዋን ትቀራለች። የስፖርት አስተማሪያችን ፌዝ መስሏቸው አንድ ቀን ለይተው አስወጡንና ሰፈራችንን ጠየቁን። ሁላችንም ከአንድ ግቢ።

«እናንተ ግቢ ሰዓት የለም?» አሉ፤ ተማሪው ሳቀ፤ እኛም ተንበረከክን።

ለጋሽ መርዕድ ስንነግራቸው ይቆጡልናል ብለን ነበር፤ እሳቸው ግን እስኪያስላቸው ሳቁና «ለሰንደቁስ ቶሎ ግቡለት፤ እሱ ወታደር ነው፣ ሰው አይጠብቅም» አሉን።

ያ አገባብ ከግቢያችን አልፎ መሄዱን ያስተዋልኩት ካደግሁ በኋላ ነው። ወሎ ሰፈር በየሠርጉ ኪቦርድ የሚጫወተው የሰፈራችን ልጅ አብረውት የሚሠሩትን ዘፋኞች «አትቸኩሉ፣ ይግባ» እያለ አስለምዷቸዋል፤ እነሱም ለሌላው አስተላልፈዋል። አንዳንድ ቀን ታክሲ ውስጥ፣ የጋሽ መርዕድን ስም ሰምቶ የማያውቅ አንድ ጎረምሳ ሬዲዮ ላይ ምቱን አሳልፎ ሲገባ እሰማና ሳላስበው ብድግ እላለሁ፤ ረዳቱም «ወራጅ ነሽ እንዴ?» ይለኛል። እኔም ብሆን ግጥም ስጽፍ መስመሬን የት እንደማቋርጥ የማውቀው ያን አየር ላይ የቆመ ምላጭ እያየሁ ስላደግሁ ነው።

ድምፃቸው ያለበት አንድም ካሴት የለም። ክበቡ እንዴት ያለ እንደነበር የሚያስታውሱት አልቀዋል፤ ግቢው ፈርሷል፤ መስታወቱ የተሰቀለበት አጥር ዛሬ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። ከእሳቸው የቀረው ያቺ ከመግባታቸው በፊት የምትመጣ ዝምታ ናት፤ እሷንም ሳሚ በጣቱ ሊያጠፋት ነው።

«እሺ፣ አንዴ ስሙት» አለና ነካ አደረገው።

የሕይወት ድምፅ ከምቱ ጋር እኩል ገባ። ንጹሕ ነበር፤ ምንም አይወጣለትም። እሷ እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማችው።

«ይቺ ማናት?» አለች።

«አንቺ ነሻ!»

«አይደለሁም። ሳሚዬ፣ ወደ ነበረበት መልሰው።»

«አልመልሰውም። ስሜ የሚወጣበት ሥራ ነው። አትሞኚ፣ ሕይወት፤ ይሄኛው ነው የሚሰማልሽ።»

ወደ እኔ አየች። ይህን ቀን ከእኔ በላይ ስትጠብቀው እንደኖረች አውቃለሁ፤ እኔም ቃሌን ከሬዲዮ ለመስማት ከመጓጓቴ የተነሳ ለአፍታ እሺ ባለች ብዬ ተመኘሁ። ማዳመጫውን ከአንገቷ አውልቃ ማስቀመጫው ላይ አኖረችው።

«ስለ ድካምህ እግዜር ይስጥልኝ። በእኔ ድምፅ ግን እንዲህ ሆኖ አይወጣም» አለችና ሹራቧን አንስታ ወጣች።

ሳሚ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። «አንቺ ቁጭ በይ። ግጥሙ አሪፍ ነው፤ ሌላ ዘፋኝ አላጣም።»

«ግጥሙም ሄዷል» አልኩትና ተነሳሁ፤ ያን በስፖንጅ የተለበደ ከባድ በር በሁለት እጄ ስቤ ከውጭ ዘጋሁት።