የልጅ ልጄ ራዲዮዬን ያጠረችብኝ አጥር

ትናንት ከቀትር በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ... ራዲዮዬ ቤቱን አናጋው።

የጮኸው ዜና አንባቢው ነው። ግን ምን ዓይነት ጩኸት! ዶሮዎቹ ከማንጎው ሥር ተበተኑ፣ ባለቤቴ ሐዋ የያዘችውን ሰፌድ ጣለች፣ ከሽመል አጥሩ ማዶ ጎረቤቴ ኢብራሂም «ያ ሐሰን! ወላሂ ዛሬ ዜና እኛ ቤት መጣ!» ብሎ ሳቀ።

እኔ ግን በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝ። ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ይህ ራዲዮ በቤታችን ከሐዋ ቀጥሎ ረጅም ዘመን የታገሠኝ ነው። የድምፁ ማዞሪያ ግን በአሶሳ አቧራ ተበልቶ፣ ባዞርኩት ቁጥር ምጣድ ላይ እንዳለ በቆሎ ይንጣጣ ነበር። የልጅ ልጄ ሰሚራ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ትማራለች። ባለፈው ሳምንት ለእረፍት መጣችና ማዞሪያውን ነቅላ በቦታው አንዲት ጥፍር የምታክል ቺፕ አስገባች። ከላይ ሁለት ቁልፍ፤ አንዱ ድምፅ ለመጨመር፣ አንዱ ለመቀነስ።

«ዲጂታል ፖቴንሺዮሜትር ትባላለች አባባ» አለችኝ። «እንደ መሰላል ይዩዋት። ቁልፉን በተጫኑ ቁጥር አንድ ደረጃ ትወጣለች። የሚሽከረከር ነገር ስለሌላት አቧራ አይበላትም። እንዴት እንደምትወጣና እንደምትወርድ የምነግራት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ፕሮግራም ትደረጋለች።»

«እንግዲህ በዚህ ቤት የሚታዘዝ ነገር ተገኘ በይኛ!» አልኳት።

ሰሚራና ሐዋ ተያይተው ፈገግ አሉ። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ...

ከዚያ ቀን ጀምሮ እጫናለሁ፣ እጫናለሁ... ድምፁ ትንሽ ከፍ ይልና ይቆማል። ሐዋን ጠየቅኳት።

«ይሄ መጨረሻው ነው?»

«መጨረሻው ነው» አለች፣ ፊቷ እንኳ ሳይለወጥ።

«ኧረ ድሮ ከዚህ ይበልጥ ነበር!»

«ድሮ አንተም ትሰማ ነበር።»

ልጆች፣ ይቺን ስቄ አላለፍኳትም። ታላቅ ወንድሜ በእርጅናው ደንቁሮ ነበር። ሰው ሲስቅ እያየ ይስቃል... ትንሽ ዘግይቶ። ያ ዘግይቶ የሚመጣ ሳቁ ነው ፊቴ ላይ የተደቀነው። የእኔም ጆሮ ከበድ ማለቱን አውቅ ነበር፤ እንዲህ በአንድ ጊዜ ይዘጋል ብዬ ግን አላሰብኩም። ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ላይ መቀለድም ተውኩ። የሰውየውን መልስ ካልሰማሁት ቀልዱ ምን ያደርግልኛል?

ያስገረመችኝ ሐዋ ናት። ራዲዮ ስከፍት ብድግ ብላ ጓሮ የምትገባው ሴት፣ ሳምንቱን በሙሉ ከጎኔ አልጠፋ አለች። ያመለጠኝን ዜና ጆሮዬ ሥር ትደግምልኛለች... የራሷን እየጨመረች።

«አሁን ምን አለ?»

«የአሶሳ ባሎች ማገዶ ይፍለጡ ተብሏል።»

እሷ ትስቃለች። እኔ ግን አዝናልኝ ነው ብዬ ሆዴ ይባባል።

በዚያ ሳምንት መብራት አንድ ቀን እንኳ አልጠፋም። የአሶሳን መብራት የምታውቁ እዚህች ጋ «ሽማግሌው ዋሸ» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ግን እውነቴን ነው። እኔም ማታ ማታ የመቀነሻውን ቁልፍ ተጭኜ ዝም አሰኘዋለሁ እንጂ ሶኬቱን ነቅዬ አላውቅም።

ትናንት ግን መብራቱ ጠፋ። ተመለሰም። ራዲዮውም ከ«መጨረሻው» በላይ ጮኸ! ጆሮዬ እያንዳንዷን ቃል ለቀመ።

ሐዋ ሮጣ የመቀነሻውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ስትጫነው፣ ጩኸቱ ወርዶ ያ የለመድኩት «መጨረሻ» ላይ ቆመ። ሰሚራ ከጓዳ ብቅ ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

«ነይ እስኪ ኢንጂነሯ» አልኳት። «ይሄ መሰላልሽ ጫፉ የት ነው?»

«አባባ... አይቆጡኝ። ቁልፉ ከመሰላሉ ሲሶ በላይ እንዳያወጣት ፕሮግራም አድርጌው ነበር። እማማ ናት ያለችኝ።»

«ታዲያ አሁን ማን አወጣት?»

«መብራት ሲጠፋ የነበረችበትን ትረሳለች። ስትነቃ ደግሞ ሁልጊዜ መሰላሉ መሀል ላይ ነው የምትነቃው። እኔ ያጠርኩት ቁልፉን ብቻ ነው፤ ቁልፍ ሲነካ ነው ወደ አጥሩ የምትመለሰው። እንደነቃች ቶሎ ውረጂ ብዬ መንገሩን ረሳሁት።»

ወደ ሐዋ ዞርኩ። ልቆጣ ነበር ያሰብኩት። «እኔ እኮ ደነቆርኩ ብዬ...» ብቻ ነው ከአፌ የወጣው።

የሐዋ ፊት ተለወጠ። «ውይ በሞትኩት! ለዚህ ነው ዝም ያልከው?» መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «እኔ እኮ በዚህ ዕድሜዬ ጓሮ ከዶሮ ጋር መዋል ሰልችቶኝ ነው። ካንተ ጋር ቁጭ ልበል ብል የራዲዮህ ጩኸት አላስቀምጥ አለኝ።»

እንዲህ የምትል ሴት ላይ እስኪ ማን ይቆጣል?

ሰሚራ ካቻቪቴዋን አነሳች። «አሁኑኑ ገደቡን አነሳዋለሁ አባባ፤ ስህተቱንም አስተካክላለሁ።»

«ቁጭ በይ! አንዱንም እንዳትነኪ» አልኳት። «ገደቡ ይኑር። ዜናው በአያትሽ አፍ ሲነገር ይጣፍጣል፣ ማገዶ ቢያስፈልጠኝም። የረሳሽውንም እንደረሳሽው ተዪው። መብራት በመጣ ቁጥር፣ ሐዋ ተነስታ ቁልፉ ጋ እስክትደርስ ያለችው ጩኸት የእኔ ናት።»

«ያቺን ጩኸት ስትጠብቅ ታረጃለህ!» አለችኝ ሐዋ፣ እየሳቀች።

እሷም ረስታው ነው እንጂ... የምንኖረው እኮ አሶሳ ነው።