አምስት ጫማ መተላለፊያ

ባለፈው ቅዳሜ ጎፋ አንድ ካፌ ገብቼ ጭማቂ ላዝዝ ስል፣ ጥግ ላይ አራት አምስት ወጣቶች ጠረጴዛ ገጥመው ከፕላስቲክ ጡብ ከተማ ሲገነቡ አየሁ። ሕፃናት አይደሉም፤ ጺም ያወጡ ሰዎች ናቸው። ድልድይ አለ፣ ባቡር አለ፣ መስኮቱ የሚከፈት ፎቅ አለ። አንዷ ትኩር ብዬ ሳይ አይታኝ «ነይ፣ አንድ ቤት ስሪልን» አለችና እፍኝ ጡብ ዘረጋችልኝ። እጄን ሰበሰብኩ። ትዕቢት መስሏት ይሆናል። አይደለም። እኔና ያ ጡብ የተለያየነው በድንጋጤ ነው።

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የምንኖረው ሀና ማርያም ሰፈር ነው። አክስቴ በሞግዚትነት የሠራችላቸው ሰዎች አገር ለቀው ሲሄዱ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ጡብ ሰጧት፣ እሷም ለእኔ አመጣችው። ክረምት ነበር። ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ከግቢ መውጣት ሲያስጠላ፣ እኔ የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥኩ አንድ ሰፊ የኮምፔርሳቶ ሰሌዳ ላይ እገነባ ነበር። ሌላ ልጅ ቢሆን የሌለ ከተማ ይፈጥራል፤ እኔ መፍጠር አልችልበትም፣ ደረቅ ነኝ። ያለውን ሠራሁ፦ የእኛን ግቢ፣ የጎረቤቶቻችንን ሦስት ግቢና የጥጉን ሱቅ።

አንድ ቦታ ቁጭ ማለትም አልችልም። ዝናቡ ባባራ ቁጥር እወጣና ተረከዜን ከጣቴ እያገናኘሁ ሰፈሩን በጫማዬ እለካለሁ። አንድ ጫማ ማለት ጡቡ አናት ላይ ካሉት ጉጦች አንዱ ነው። ጡቡ ስለማይበቃኝ ግድግዳው ሁሉ ከፍታው አንድ ጡብ ብቻ፣ ጣራ የሚባል የለም። ከላይ ሲያዩት ሰፈራችን ክዳኑ የተነሳ ድስት ይመስል ነበር። እናቴ ጭቃ የሞላ ጫማዬን እያየች «ምናለ ትምህርትሽን እንዲህ ብትለኪው!» ትላለች።

መስከረም ጠብቶ መሬቱ ሲደርቅ አባቴ አጥራችንን ከቆርቆሮ ወደ ብሎኬት ቀየረ። ይህን ነገር የሰፈራችን ሰው ያውቀዋል፤ ቆርቆሮ ተነስቶ ብሎኬት ሲተካ አጥር እግር አውጥቶ ይራመዳል። ግን የገዛ አባቱን አጥር እግር ማን ያያል? እኔ ያየሁት ብሎኬት ማስገባታችንን ነው። ኮራሁ።

ከእኛ ጀርባ እትዬ አስካለ ይኖራሉ። ወደ ቤታቸው የሚያስገባው አጥራችንን ታክኮ የሚሄድ ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ነው። ባላቸው ጋሽ ተፈራ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሱት። ጠዋት ጠዋት እትዬ አስካለ ገፍተው ሱቁ ደጃፍ ያወጧቸዋል፤ እሳቸውም ፀሐይ እየሞቁ አላፊ አግዳሚውን ይሰድባሉ። እኔን «አንቺ ቀያሽ! ዛሬስ ስንት ጫማ ሆንን?» ነበር የሚሉኝ። ብሎኬቱ ከቆመ ወዲህ አልወጡም። አሟቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እትዬ አስካለ የእድራችንን ዳኛ ጋሽ ሽፈራውንና ሁለት ሽማግሌዎችን ይዘው መጡ። እናቴ ሻይና ዳቦ አቀረበች፤ ማንም አልነካውም።

«ጋሽ ታደሰ፣ ወረዳ መሄድ አቅቶኝ አይደለም» አሉ እትዬ አስካለ። «ሰርግም ተዝካርም አብረን የበላን ሰዎች ነን ብዬ ነው። ወንበሩ አላልፍ ብሎ ሰውዬው ሁለት ወር ሙሉ ጣራ ሲያይ ይውላል።»

«መተላለፊያው ድሮም ይሄው ነው» አለ አባቴ። «ወንበሩን ቀይሩት።»

«ወንበሩማ ያው ነው! እኔ ነኝ ስገፋው የኖርኩት።»

«ድሮም ይሄው ለመሆኑ ማስረጃ አለህ?» አሉ ጋሽ ሽፈራው።

የአባቴ ፊት በራ። ይሄን ነው የማልረሳው። «አለኝ እንጂ! ልጄ ክረምቱን ሙሉ ሰፈሩን ለክታ ሠርታዋለች። እሷ ደግሞ ምላሷን ታውቁታላችሁ፣ ለእኔም አታዳላም። ነይ አምጪው!»

ደስታዬ! አባቴ ያን ሰሌዳ አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብሎ አይቶት አያውቅም፤ ዛሬ በሽማግሌ ፊት ጠራልኝ። እንደ ሰርግ ኬክ ተሸክሜ አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«መተላለፊያውን ቁጠሪው፣ ልጄ» አለኝ አባቴ።

ጉጦቹን በጣቴ እየነካሁ፣ ክፍል ውስጥ እንደምመልስ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት!»

«በይ አሁን ደግሞ እውነተኛውን ለኪልን» አሉ ጋሽ ሽፈራው።

ሁላችንም ወጣን። ተረከዜን እትዬ አስካለ በኩል ካለው ግድግዳ ለጥፌ ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ለአራተኛው ማረፊያ አጣሁ፤ የጫማዬ ጫፍ ብሎኬቱን መታ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ተመልሼ ለካሁ። ሦስት። ያኔ ክው አልኩ።

«እግሯ አድጓል!» አለ አባቴ። ድምፁ የእሱ አልመሰለኝም።

ጋሽ ሽፈራው የግቢያችንን በር አስለኩኝ። ሰሌዳው ላይ አሥራ ሁለት ነው፤ በጫማዬም አሥራ ሁለት። «አንተ ታደሰ፣ የዚህች ልጅ እግር የሚያድገው አንተ አጥር ጋ ሲደርስ ብቻ ነው?» አሉት። አንደኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እትዬ አስካለ አልሳቁም። ጥፋቱ የእሳቸው ይመስል መሬት መሬት አዩ።

በማግስቱ አባቴ ሥራ አልሄደም። ዲጂኖ ይዞ ያን ግድግዳ ብቻውን አፈረሰው፤ አግዝሃለሁ ያለውን ሁሉ መለሰ። ለእኔ ክፉ ቃል አልወጣውም። ደግ ቃልም ለረጅም ጊዜ አልወጣውም። ጋሽ ተፈራ በሳምንቱ ሱቁ ደጃፍ ወጡ። ሳልፍ አልሰደቡኝም፤ ባርኔጣቸውን አነሱልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ጡቡን በማዳበሪያው ጠቅልዬ ለአክስቴ መለስኩላት።

አሁን ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ብዙ ጊዜ «አባቴ ሌባ ነበር» ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። ግን አይዘጋም። መዋሸቱን የሚያውቅ ሰው ለውሸቱ ምስክር እንድትሆነው የማታዳላ ልጁን አይጠራም። አባቴ ሁለት ጫማ መሬት ወስዶ፣ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ «ድሮም ይሄው ነው» የሚለውን ራሱ አምኖታል። ከስርቆቱ ይልቅ ዛሬም የሚያስደነግጠኝ ይሄ ነው። እኔስ ድሮም ይሄው ነው የምለው ስንት ነገር ይኖረኝ ይሆን?

ታሪኩን የሰማ ሁሉ «ጎበዝ፣ እውነቱን አወጣሽው» ይለኛል። ምን ጉብዝና አለው? አቀርቅሬ ጫማዬን እያየሁ ነበር። ሦስት ላይ ቀና ብዬ የአባቴን ፊት አይቼው ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ አራት፣ አምስት እል ነበር ወይ? አልልም ነበር ማለት ደስ ይለኛል። ግን አላውቅም።