ተቃጥሏል የተባለው ፒያኖ

ባለቤቴ ጥላዬ ሬዲዮ ሠሪ ነው። ዛሬ ሬዲዮ የሚይዝ ሰው ስለቀነሰ ስፒከሩንም፣ ዲኮደሩንም፣ የምጣዱንም ገመድ ይሠራል፤ የደብረ ታቦር ሰው ግን አሁንም «ጥላዬ ሬዲዮ» እያለ ነው የሚጠራው። ሙያውን የተማረው ወታደር ቤት፣ መገናኛ ክፍል ውስጥ ነው። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን አንዲት ካቻቪቴ ካልሲው ውስጥ ሸጉጦ በእግሩ አገሩ ገባ። ትዳራችንም ሱቃችንም የተጀመረው በዚያች ካቻቪቴ ነው ማለት ይቻላል። እኔ በአንደኛው ጥግ የስፌት መኪናዬን፣ እሱ በሌላው ጥግ ጠረጴዛውን ይዘን ሃያ ምናምን ዓመት ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠናል።

ጥላዬ አንድ አመል አለው። የማያውቀውን «አላውቅም» ይላል። ከጉና ሥር ሬዲዮውን በነጠላ ጠቅልሎ ግማሽ ቀን በእግሩ ለመጣ ገበሬ፣ «አልገባኝም ወንድሜ፣ ሌላ ሰው ጋ ውሰደው» ሲል እየሰማሁ ስንት ጊዜ ጣቴን በመርፌ ወግቻለሁ! «ሞቷል» ካለ ግን ሞቷል። ሰዉም ይህን ስለሚያውቅ፣ ጥላዬ ሞቷል ያለውን ዕቃ ማንም ሌላ ጋ አይወስድም ነበር። ነበር ነው የምለው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሪጌታ አድማሱ ጎረቤታችን ናቸው፤ የዜማ መምህር ስለሆኑ ሁላችንም «የኔታ» ነው የምንላቸው። አንገታቸው ላይ ብዙ ዘመን የኖረ እንቅርት ነበረባቸው። ትንፋሽ ሲከለክላቸው በቀዶ ሕክምና አስወጡት። ሐኪሙ አስቀድሞ እንደነገራቸው ነፍሳቸው ተረፈች፣ ድምፃቸው ግን ቀረ። ያ ደብሩን ሞልቶ ይፈስ የነበረ ድምፅ ሹክሹክታ ሆነ። የዜማ መምህር ያለ ድምፅ ምን ይሆናል? ተማሪዎቹ አንድ በአንድ መሄድ ጀመሩ። የቀሩት ሦስት ዲያቆናት ብቻ ነበሩ፤ ፈንታሁን፣ ደሳለኝና ማሩ።

አዲስ አበባ የሚሠራው ልጃቸው ዮናስ ታዲያ በ2008 አንድ ያገለገለ ዲጂታል ፒያኖ በአውቶቡስ ጣሪያ ጭኖ መጣ። «ድምፁን ይኼ ያውጣልዎ፣ አባዬ» አላቸው።

ቤታቸው ሄዶ ያገናኘላቸው ጥላዬ ነው። እንዳየው ሶኬት አልሰካም። አዳፕተሩን ገልብጦ ጽሑፉን አነበበ፤ የግድግዳውን መብራት በቴስተር ለካ፤ የኛ አገር መብራት ሲወርድ ሲወጣ እንዳይጎዳው ብሎ ከሱቅ ስታብላይዘር አምጥቶ መሃል አስገባ። ከዚያ «ይጫኑት፣ የኔታ» አለ። የኔታ በአንድ ጣታቸው አንዱን ነጭ ቁልፍ ተጫኑ። ድምፁ እስኪጠፋ ጣታቸውን ሳያነሱ ቆዩና ወደ ጥላዬ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ «ኸኔ ይሻላል፤ ይኼ አያስለውም» አሉ። ከት ብለን ሳቅን። ሚስታቸው እትዬ አመተማርያም ግን ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያ ቤት እንደገና የዜማ ቤት ሆነ። የኔታ ቁልፉን ይጫናሉ፣ ሦስቱ ዲያቆናት ተከትለው ያዜማሉ። አንዳንዱ የድጓ ድምፅ በሁለት ቁልፍ መሃል ይውላል። እሱን መዳፋቸውን ዝቅ ከፍ እያደረጉ በእጃቸው ያሳዩ ነበር። ፒያኖው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይግባ ያለ ማንም የለም፤ የቤት ነገር ነው። እኔም ልብስ እየሰፋሁ በግድግዳው በኩል እሰማ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ድምፁ ጠፋ። አልገረመኝም። በሁዳዴ ደብሩም ከበሮና ጸናጽሉን ያስቀምጣል። በደብረ ዘይት ሳምንት ግን ፈንታሁንና ማሩ ፒያኖውን ተሸክመው ሱቃችን መጡ። መብራቱ ይበራል፣ ድምፅ የለውም። በዚያው ቀን የሰፈሩ መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጥቷል አሉ።

ጥላዬ ለሰው ሁሉ «መጀመሪያ ውጩን እይ» እያለ የሚመክር ሰው ነው። መብራት ሄዶ መጣ ሲሉት ግን ምክሩን ረስቶ በቀጥታ ሆዱን ከፈተው። ሦስት ቀን ለካ፣ ነካካ፣ ጠረገ፣ መልሶ ለካ። መንገደኛው ሁሉ ቆም ብሎ ያያል። ከማዶ ላፕቶፕ ያለው አንድ ጎረምሳ አዲስ ሱቅ ከፍቶ ነበርና፣ «ጥላዬ አረጀ መሰለኝ» ያለውን አንዱን መንገደኛ በጆሮዬ ሰማሁ። ስፌቴን ትቼ፣ ተከትዬ ልሰድበው ምንም አልቀረኝ። ጥላዬ ራሱ ቢሰማው ኖሮ «እውነትህን ነው» ብሎ ይስቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ክዳኑን መልሶ ብሎኑን አጠበቀ። «የሺ፣ እኔ አልገባኝም። ሲመጡ እንዳልገባኝ ንገሪያቸው። ባሕር ዳር የሚያውቅ ሰው ያሳዩት» አለኝና ለሥራ ሐሙሲት ሄደ።

እትዬ አመተማርያም ከቀትር በፊት መጡ። ሱቁ ውስጥ ልብስ ሊያስለኩ የመጡ ሁለት ሴቶች ነበሩ።

«ምን አለ ጥላዬ?» አሉኝ።

«አልገባውም» ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። ግን ሁለቱ ሴቶች እያዩኝ፣ ያ ጎረምሳም ከማዶ እየታየኝ ነበር። «ተቃጥሏል፤ አይነሳም ብሏል» አልኳቸው።

እሳቸውም አልተከራከሩም። ጥላዬ አይነሳም ካለ አይነሳማ! «የእግዜር ፈቃድ ነው» ብለው ፒያኖውን አስይዘው ሄዱ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሮጬ ልመልሳቸው የምችልበት ጊዜ ነበረኝ፣ እኔ ግን ሜትሬን አንስቼ የሴትየዋን ወገብ መለካት ጀመርኩ።

ሆሳዕና ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው እትዬ አመተማርያም ተመልሰው መጡ። ጥላዬ ለልፋቱ ምንም ስላልተቀበላቸው፣ «ዮናስ የላከልን ናት፤ እኛ እንግዲህ ምን እናደርግባታለን፣ ለሥራው ትርዳው» ብለው አንድ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ሰጡኝ። እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ጥላዬ ከምሳ እንደገባ ሰጠሁት። ገመዱን በጣቱ እየተከተለ ወደ ጫፉ ሄደ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«የሺ፣ ጫፉ የታለ?»

የሚሰካው ብረት ግማሹ የለም፤ ተሰብሯል። ጥላዬ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ከዚያ እንደ ልጅ ይስቅ ጀመር። «ፒያኖው ደህና ነው! ማዳመጫ ስትሰኪበት መሣሪያው ድምፁን ወደ ጆሮ ይልክና ስፒከሩን ይዘጋል። ጫፉ ውስጡ ተሰብሮ ቀርቷላ! አሁንም የተሰካበት ይመስለዋል። ሦስት ቀን ሆዱን ስቆፍር፣ ቀዳዳውን አንዴ አላየሁም! በይ ተነሽ፣ እንሂድ።»

ብንሄድ «ተቃጥሏል ብለህ አልነበር?» ሊሉት ነው። እሱ ደግሞ እንዲህ እንዳልኩ አያውቅም። «ሁዳዴ ነው እኮ» አልኩት። «ቢሠራስ ማን ሊመታው? ፋሲካ ይለፍና እንሄዳለን።»

«እሱስ ነው። ባሕር ዳር ወስደው እንዳይንገላቱ ብዬ ነው እንጂ።»

«አይወስዱትም» አልኩ።

ይህን እንዴት እንዳወቅሁ አልጠየቀኝም። አምኖኝ ሥራው ላይ ተቀመጠ። ያን ሰሞን ጀርባዬን ለጀርባው ሰጥቼ መቀመጥ ጨነቀኝ።

ስቅለት ዕለት ደብሩ ቅጥር ግቢ ውስጥ ስሰግድ ውዬ፣ ደክሞኝ ግንቡ ጥላ ሥር አረፍ ስል እትዬ አመተማርያም አጠገቤ ተቀመጡ። ለዳግም ትንሣኤ ጉና ሥር ወዳለው ወንድማቸው ቤት ጠቅልለው ሊሄዱ መሆኑን ነገሩኝ።

«የኔታስ ማስተማሩ?»

«ምን ማስተማር አለ፣ ልጄ። ደሳለኝና ማሩን መርቀው ሌላ መምህር ጋ ሸኟቸው። ፈንታሁን ብቻ በቅሎውን ሊነዳልን ቀረ።» ድምፃቸውን ቀነሱ። «ላንቺ ልንገርሽ። በሁዳዴ ሰው ሳይሰማ በዚያች ማዳመጫ ይመቱት ነበር፤ ጾመ ድጓውን ለልጆቹ ለማድረስ። ‹ተደብቄ እንደበላሁ ሁኖ ይሰማኛል› ይሉ ነበር። እኔ ቤት ስጠርግ ገመዱ በእግሬ ተጠልፎ ማዳመጫው ወደቀ፤ በዚያው ቀን ፒያኖው ተቃጠለ። ‹እግዜር ጉሮሮዬን ወሰደ፤ እኔ በብረት ልመልስ አልሁ፤ ይኸው በጾሙ ተቆጣኝ› አሉ። ኸዚያ ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅሱ ያድራሉ።»

እኔ ለባሌ ስም ብዬ የተናገርኳትን ቃል ሽማግሌው የእግዚአብሔር ቃል አድርገዋት ነበር። ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ማታ ሲል ቄሱ በወይራ ዝንጣፊ ጀርባዬን ቸብ ቸብ እያደረጉ ኃጢአቴን ቢጠይቁኝ «ጎረቤት አምቻለሁ» አልኩ። አርባ ስገጂ አሉኝ፤ አርባውን ሰገድኩ። ዕዳዬ ግን አርባ አልነበረም።

ቤት ስገባ ለጥላዬ እትዬ አመተማርያም ያሉኝን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት።

«ተቃጥሏል ያላቸው ማን ነው?» አለ።

እኔ ነጠላዬን ማጣጠፍ ጀመርኩ። እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም።

በማግስቱ፣ ቀዳም ሥዑር ጠዋት፣ ቄጠማችንን ግንባራችን ላይ እንዳሰርን የኔታ ቤት ሄድን። ዕቃቸው በከፊል ታስሯል። ፒያኖው ግድግዳ ተደግፎ በጨርቅ ተሸፍኗል። ጥላዬ የእስክሪብቶ ቀፎ ጫፉን በክብሪት አሙቆ፣ ወደ ቀዳዳው አስገብቶ ጫን አድርጎ ያዘው። እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ። ቀስ ብሎ ሲስበው የገብስ ፍሬ የምታክል ብረት ተጣብቃ ወጣች። መዳፉ ላይ አድርጎ ለየኔታ አሳያቸው። ከዚያ ሶኬቱን ሰካ።

የኔታ አንድ ቁልፍ ተጫኑ። ድምፁ ቤቱን ሞላው። ወዲያው ጣታቸውን አነሱና፣ «ለነገ ይቆይ፤ ገና ጾም ነው» አሉ። ከዚያም ጥላዬን አዩት። «እንግዲያ አልተቆጣኝም ነበር?» አሉ በዚያ ሹክሹክታቸው።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ከፍቼ ነበር።

«አልተቆጣዎትም፣ የኔታ» አለ ጥላዬ ቀድሞኝ። «ሳላጣራ ተቃጥሏል ያልሁት እኔ ነኝ። ይፍቱኝ።» ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ። በሕይወቱ ሙሉ ያላለውን ቃል እንዳለ አድርጎ ተናገረ። እኔ አፌን መልሼ ዘጋሁ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት። ፈንታሁን የታሰረውን ዕቃ መፍታት ጀመረ። ደሳለኝና ማሩ ግን ሩቅ ሄደዋል፤ እስከዛሬም አልተመለሱም።

በመንገድ ላይ «ለምን?» አልኩት። «እኔን ተሳሳተ ይሉኛል፤ አንቺን ግን ዋሸች ይሉሻል» አለና መንገዱን ቀጠለ።

ወሬው ከተማውን ዞረ። ጥላዬ ሞቷል ያለው ፒያኖ ለፋሲካ ተነሣ እያሉ ቀለዱበት፤ አብሯቸው ሳቀ። ዛሬ ግን ከጉና የሚመጣው ገበሬ ጥላዬ ሞቷል ያለውን ሬዲዮ ተቀብሎ ወደ ማዶው ጎረምሳ ይሻገራል። በመስኮቱ አየዋለሁ።

የኔታ ቅዳሜ ቅዳሜ በሱቃችን ሲያልፉ በሩ ላይ ይቆማሉ። ጥላዬን ሰላም ይሉና ወደኔ ዞረው፣ «አንቺ ነሽ ለሱ ነግረሽ ያመጣሽልኝ፤ አፍሽን ይባርከው፣ ልጄ» ይሉኛል። ጥላዬ ጀርባውን እንደሰጠኝ ብየዳውን ይበይዳል። እኔም መኪናዬን አቁሜ «አሜን» እላለሁ።