ጓዳ የቀሩት ጎማዎች

በ1980 ዓ.ም.፣ የበልጉ ዝናብ አሰላ ላይ እንደጀመረ፣ መኪናችንን ለዘመቻ ወሰዱብን።

አንዲት የጭነት መኪና ነበረችን፤ ከዲክሲስ ስንዴ ታመጣለች። ከቤታችን ፊት ለፊት ትንሽ የነዳጅ ማደያ አለን፤ ባለቤቴ መንገድ ሲወጣ የምቀዳው እኔ ነኝ። ወደ ሰሜን ስንቅ የሚያደርሱ መኪኖች እየተመረጡ ነው የሚል ወሬ ሲመጣ ባለቤቴ ጎሚስታውን ጠርቶ ስድስቱንም ደህና ጎማዎች አስፈታ። በምትካቸው ጥርሳቸው ያለቀ አሮጌዎችን አሳሰረ። ደህናዎቹን ጓዳ ከተን በጆንያ ሸፈንናቸው።

"ይህን አይቶ የሚወስዳት የለም" አለኝ። እኔም ደግ አደረግህ አልኩት።

አንድ ካድሬ ከሁለት ወታደሮች ጋር መጣ።

"ጓድ፣ ጎማዎቿ ጥርስ የላቸውም" አለ ባለቤቴ።

ካድሬው ጎማውን በጫማው መታ መታ አደረገና ሳቀ። "የኔም አባት ጥርስ የላቸውም፤ ጥሬ ሥጋ ግን አልተዉም! ሾፌሩ የታለ?"

ሾፌራችን ወሬውን ሰምቶ ጠፍቷል።

"እንግዲያው አንተው ትነዳታለህ።"

ይህን አላሰብነውም። ባለቤቴ ወደ ጓዳው መስኮት አየ፤ እኔም አየሁ። ጎማዎቹን ብናወጣ አሻጥር ነው፤ ይታሰራል፣ የባሰም ሊመጣ ይችላል። ዝም ካልን ጭነት ይዞ፣ በዝናብ፣ በነዚያ ጎማዎች በሰሜኑ መንገድ የጣርማ በርን ቁልቁለት ሊወርድ ነው። አንዱ ወታደር ጋቢና ገብቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ባለቤቴ "ማደያውን እንዳትዘጊ" አለኝ። ሄዱ።

የእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆምኩ። "ጠብቂልኝ" ለማለት አፈርኩ። እያወቅን ያስወለቅነውን ጎማ አንቺ መልሺለት እንዴት ይባላል? ወደ ማደያው ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ ከአቦምሳ እህል የሚጭኑ አንድ ሾፌር ነዳጅ ሊያስቀዱ መጡ። እሳቸውም በማግስቱ ናዝሬት ይግቡ ተብለዋል፤ መኪኖቹ ሁሉ የሚነሱት እዚያ ተሰብስበው ነው።

"ምነው ልጄ፣ መሬቱን ነዳጅ አጠጣሽው እኮ" አሉኝ። ነገርኳቸው።

"ስድስቱንም?"

"ስድስቱንም፣ ጋሼ።"

"እኔ ባትሪዬን ደበቅሁ፤ ባትሪ ይዘው መጡ!" ሳቁ።

"ጎማዎቹን ይውሰዱልኝ፣ ጋሼ።"

"ኬላ ላይ ይህን ሁሉ ጎማ ከየት አመጣህ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ትርፍ ጎማ ለአንድ መኪና አንድ ነው።" ዞረው መኪናቸው ላይ የታሰረውን ትርፍ ጎማ አዩ። "የኔን ላውርደው። ከናንተ አንዱን በቦታው አስሬ ናዝሬት ለባልሽ እሰጠዋለሁ።"

"የእርስዎ መንገድ ላይ ቢፈነዳስ?"

"አላህ ያውቃል።"

እሳቸውም ባለቤቴም በሰላም እንደሚመለሱ ያን ቀን አላወቅሁም። እኚህን ሰው እስከ ዛሬ በጸሎቴ አልረሳቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ከኪዳን እንደተመለስኩ ጓዳ ገባሁ። ስድስቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ እኔ ግን ስመርጥ ቆየሁ። አንዱን አንከባልዬ አወጣሁ፣ አቧራውን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ፣ አማተብኩበት። ሾፌሩ ሳላያቸው ከኋላዬ ቆመው ኖሯል።

"አማትቢ፣ አማትቢ። እኔም ቢስሚላሂ እልበታለሁ" አሉ።

ሲሄዱ የሳቸውን ጎማ አስገብቼ ከአምስቱ ለይቼ አስቀመጥኩት። ከዚያ ወጥቼ ማደያው ላይ ለተሰለፉት መኪኖች ቀዳሁ።